ውድቀቱን ቀድሞ የሚናገረው አብራሪ

ጋሼ ደምሴ ማረፉን የሰማሁት ከወንድሙ ልጅ ነው። ስልኩን ሳነሳ «እትዬ አስካለ፣ አጎቴ ዐረፈ» አለኝ። እኔ ገና እሪ ሳልል «በቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩን የማነበው እኔ ነኝ። ሮቢት የነበረበትን ዘመን እርስዎ ያውቃሉ አሉኝ፤ እስቲ ትንሽ ይንገሩኝ» ብሎ አስከተለ። ዕንባዬን በነጠላዬ ጫፍ እየጠረግኩ የማውቀውን ሁሉ ነገርኩት። ምን እንዳደረገው በኋላ እመጣበታለሁ። ሰውየውን የማያውቅ ሰው ንዴቴን አይረዳልኝምና መጀመሪያ ስለ እሱ ላውራ።

ጋሼ ደምሴ አውሮፕላን አብራሪ ነበር። የዚያው የሮቢት አካባቢ፣ የቀወት ልጅ ነው፤ አባቱ በሬ ነጋዴ ነበሩ። በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ገደማ በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ሰፋፊ የጥጥ እርሻዎች ነበሩ፤ ከእነሱ በአንዱ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን እያበረረ ጥጥ ላይ የተባይ መድኃኒት ይረጭ ነበር። መድኃኒት የሚሉት ሌሎቹ ናቸው፤ እሱ መርዝ ነበር የሚለው። እናቴ እትዬ በለጡ ደግሞ በመኪና መንገዱ ዳር ሆቴል ነበራት። ሆቴል ስል ጥቂት አልጋ ያለው፣ የደብረ ሲናን ቁልቁለት ፍሬናቸው እየሸተተ የሚወርዱ ሾፌሮች ምሳ የሚበሉበት ቤት ማለቴ ነው። ጋሼ ደምሴ ከጓሮው ክፍሎች አንዱን ተከራይቶ ኖረ። እኔ ያኔ ከትምህርት ቤት ወጥቼ እናቴን የማግዝ ኮረዳ ነበርኩ፤ ምላሴ ረዥም፣ ትዕግሥቴ አጭር። አሁንም ያው ነኝ።

የመጣ ዕለት ሻንጣውን ከደጅ አስቀምጦ እናቴን ጠራት።

«እትዬ፣ ዕቃዬን ከማስገባቴ በፊት የምነግርዎት አለ። ሌሊት አንኮራፋለሁ። ሲርበኝ ቁጡ ነኝ። አብራሪ ነኝ፣ ግን የበረራ ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ።»

እናቴ ከላይ እስከ ታች አየችው። አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ ጆሮዎቹ ትልልቅ የሆኑ ሰው ነው። «እኔ አልጋ ነው የማከራየው፤ አውሮፕላን መች አከራየሁ!» አለችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ተዋደዱ።

ጎህ ሲቀድ ከክፍሉ ይወጣና ከግቢያችን አፈር ቆንጥሮ ወደ ላይ ይበትናል። አፈሩ ቀጥ ብሎ ከወረደ ወደ እርሻው ይሄዳል። ወደ ጎን ከሸሸ ይመለስና ሻይ ያዛል። እናቴ «ግቢዬን ቆንጥረህ ልትጨርሰው ነው» ትለዋለች። እሱም «ነፋስ ካልጠየቅኩ ዋሽቶ ይጥለኛል» ይላታል።

ይህን ሁሉን ቀድሞ የመናገር ጠባይ ያመጣው ከአባቱ ነው። አባቱ አቶ ተሰማ ከማጀቴ እስከ ጀውሃ ባሉት ገበያዎች በሬ ይሸጡ ነበር። በኛ አገር ገበያ በሬ የሚሸጥ ሰው፣ ገዥው ገመዱን ከመጨበጡ በፊት የከብቱን ነውር መናገር አለበት። ይዋጋል፣ ቀንበር ላይ ይተኛል፣ በግራ ካልጠመዱት አይሄድም፣ ያለውን ሁሉ። ሳይነገር የተሸጠ ነውር ኋላ ከተገኘ በሬው ይመለሳል፣ ሻጩም በሽማግሌ ፊት ይዋረዳል። አብዛኞቹ ነጋዴዎች ታዲያ ነውሩን የሚናገሩት በመጨረሻ፣ በለሆሳስ፣ ጉሮሮ እየጠረጉ ነው። አቶ ተሰማ ግን ሰላምታ ሳይጨርሱ ይጮኹ ነበር። «ይህ በሬ ግራ ዐይኑ ደካማ ነው! ሰምታችኋል?» ሰው ይስቅባቸዋል፤ የሚገዛው ግን ከሳቸው ነው።

ልጃቸውም በሆቴላችን ጠረጴዛ ዙሪያ ለተቀመጡ ሾፌሮች እንዲሁ ያወራ ነበር። «መጀመሪያ የወደቅኩት ከጎን በሚመጣ ነፋስ ሳሳርፍ ነው። መሬት ነካሁ፤ ነፋሱ ገፋኝ፤ አውሮፕላኗን ይዤያት ሣር ውስጥ ገባሁ። በሁለተኛው ፈታኙ ሰማይ ላይ ሞተሩን ቀነሰና ‹ሞተርህ ጠፍቷል፣ የት ታርፋለህ?› አለኝ። ማሳ መረጥኩ። ለጥ ያለ፣ የሚያምር ማሳ! ነፋሱን ከጀርባዬ አድርጌው ኖሯል፤ ሲያርፉ ግን ከፊት ነው መያዝ ያለበት። ‹ሞተሃል› አለኝ።» ሾፌሮቹ ይንጫጫሉ። በሦስተኛው ማለፉንና ፈቃዱን ማግኘቱን የሚናገረው ሲጠይቁት ብቻ ነው። ሲያወራው አያፍርም፣ አይኮራበትም፤ የተወለደበትን ቀበሌ የሚናገር ነው የሚመስለው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የእርሻው አስተዳዳሪ አቧራ እያስነሳ በመኪና መጣ። ጥጡ ውስጥ ትል ገብቷል፤ አሁኑኑ ተነስ አለው። ከዳገቱ የሚወርደው የከሰዓት ነፋስ ደግሞ የቆርቆሮ ጣራችንን ያንኳኳል። ጋሼ ደምሴ አፈር ቆንጥሮ በተነ። አፈሩ አስተዳዳሪው ሱሪ ላይ ዐረፈ።

«አልነሳም» አለ። «መርዙ ጥጡ ላይ አያርፍም፤ የሰው ማሽላ ላይ ነው የሚሄደው።»

«ፈራህ?»

«አዎን፣ ፈራሁ። በዚህ ነፋስ ወድቄያለሁ። ሲቀጥሩኝም ነግሬዎታለሁ።»

«ወድቆ የማያውቅ አብራሪ አመጣለኋ!»

«ያምጡ። ሲመጣ ግን ስንት ጊዜ እንደወደቀ ይጠይቁት።»

አስተዳዳሪው የመኪናውን በር በኃይል ዘግቶ ሄደ። በማግስቱ ማለዳ፣ አየሩ ጸጥ ሲል፣ ጋሼ ደምሴ ተነስቶ ረጨ። ትሉ በዚያች ሌሊት የበላውን በልቷል፤ ይህን አልደብቅም። እርሻው ከጥጡ ብዙ አጣ፣ እሱንም ለወራት ፊት ነሱት። ማሽላቸው የተረፈላቸው ገበሬዎች ግን በመንገድ ሲያገኙት ከበቅሎ ወርደው ሰላም ይሉት ነበር።

ጋብቻውም እንዲሁ ነው የሆነው። ጀውሃ ምግብ ቤት ያላቸው ሰው ልጅ፣ ጥሩነሽን ወደደ። ሽማግሌ ሊልክ ሲነሳ ሽማግሌዎቹን እኛ ቤት ሰበሰበና «ከሁሉ በፊት ሁለት ጊዜ መውደቄን ተናገሩልኝ» አላቸው።

ከሁሉ የሚበልጡት አዛውንት ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «አንተ ልጅ፣ እኛ ሴት ልንጠይቅ ነው የምንሄደው ወይስ ልንከስህ?»

ሄዱ፤ አወደሱት፤ ነገሩን ዋጡት። ሲመለሱ «ተናገራችሁ?» ብሎ ጠየቃቸው፤ ሁሉም ወደ መሬት አዩ። በኛ ወግ ሙሽራ የሚሆን ሰው ነገሩ ሳያልቅ በልጅቱ አባት ደጅ አይታይም። እሱ በገበያ ቀን በጠራራ ፀሐይ ሄዶ ደጃቸው ላይ ቆመና ራሱ ተናገረ። የጥሩነሽ አባት እስኪጨርስ ሰሙት። «እስከ ዛሬ ይህችን ልጅ የጠየቀኝ ሁሉ የነገረኝ ያለውን ነው» አሉና ግባ አሉት። ዘመዶቿ ግን ነውረኛ፣ ወግ የማያውቅ ብለው ለዓመታት አሙት። ይሙቱበት! ጥሩነሽ እንደሆነ አንድ ቀን አልተጸጸተችም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ጋሼ ደምሴ መርዝ መርጨት አንገሽግሾታል። የእጆቹ ቆዳ ይላጣል፣ ጠዋት ጠዋት ያስለዋል፣ ዐይኖቹ ደም ይመስላሉ። «ሰው ልጫን» ይል ነበር። «አሮጊት ከልጇ ጋር ላገናኝ፣ በሽተኛ ሐኪም ቤት ላድርስ። ዕድሜዬን ሁሉ ትል ስገድል ልኑር?» የዚህ ሰው ምኞት ይህችው ብቻ ናት። አዲስ አበባ ደግሞ መንገደኛ የሚያመላልስ አነስተኛ የአየር ድርጅት ነበር። ዛሬ የለም፣ ስሙንም አልጠራም። አብራሪ ይፈልጋል ሲባል ሰምቶ ሄደ።

ከጠያቂዎቹ ፊት ሲቀርብ፣ ተቀመጥ ሳይሉት፣ «ከመቀመጤ በፊት የምናገረው አለ» ብሎ ሁለቱንም ውድቀቱን ዘረዘረላቸው። ልክ እንደ አባቱ በሬ ገበያ! ከጠያቂዎቹ አንዱ ሳቀና «ሰው እዚህ የሚመጣው ጥሩውን ሊነግረን ነው» አለው። «ጥሩውን ወረቀቱ ይነግራችኋል» ብሎ መለሰ። ደህና ሁን አሉት። ሮቢት ተመልሶ ሲነግረን ሾፌሮቹ እስኪያስላቸው ሳቁ። አቶ ተሰማ ብቻ አልሳቁም፤ «ገዥ አጥተህ እንደሆን ገበያው ነገም አለ» አሉት።

ዓመት አለፈ፤ አንድ ቀን ከሆቴላችን ደጅ ላንድሮቨር ቆመ። ትከሻው ላይ ወርቅማ መስመር ያለበት ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ረዥም ሰው ወረደ። የጋሼ ደምሴ የበረራ ትምህርት ቤት ጓደኛ፣ ካፒቴን ክፍሌ ነው። በዚያው የአየር ድርጅት ተቀጥሮ ሰው ያመላልሳል። ተቃቅፈው ሲሳሳሙ ሾፌሮቹ ወንበር ለቀቁላቸው። እናቴ ጥብስ በራሷ እጅ ሠራች።

ካፒቴኑ የመጣው ለሥራ ጉዳይ ነው። ድርጅቱ አዲስ አውሮፕላን አስመጥቷል፤ አለቆቹን አነጋግሯል፤ ደምሴን ሊወስዱት ተስማምተዋል። «አንድ ነገር ብቻ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እኔ ግን ውኃ እየቀዳሁ አጠገባቸው ነኝ። «አሁን በጽሑፍ ይጠይቃሉ። የበረራ ፈተና ወድቀህ ታውቃለህ ይላል። ‹የለም› ብለህ እለፈው። አምና የሰሙህ ጠያቂዎች ለቀዋል፣ ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፣ ባለቤቱ አገሩ ገብቷል። ማን ያጣራል?»

ከሾፌሮቹ አንዱ ጣልቃ ገባ። «ካፒቴን፣ ይህ ጓደኛህ ጥጥ ላይ የቀረው በገዛ አፉ ነው። አንድ ላይ ተምራችሁ የለም? አንተስ ስንት ጊዜ ወደቅህ?»

ጋሼ ደምሴ ቀና ሳይል «ስለ እኔ ጠይቁኝ» አለ። ካፒቴን ክፍሌ የቀዳሁለትን ውኃ በአንድ ትንፋሽ ጠጣው። ሸሚዙ በላብ ርሷል። ለሮቢት ሙቀት አዲስ ነው ብዬ ደገምኩለት።

ካፒቴኑ ከሄደ በኋላ ቤቱ ሸንጎ ሆነ። እናቴ ከሁሉ ቀድማ ተነሳችበት። «ደምሴ፣ በሞቴ! ‹የለም› ማለት ምን ያህል ይከብዳል? ኋላ እኮ አልፈሃል፤ ያለፈ ሰው አለፈ ነው የሚባለው።»

«ያንንም ጽፌላቸዋለሁ፣ እትዬ።»

«ሚስትህ ነፍሰ ጡር ናት፤ ይህ ሳል ሳንባህን ሳይጨርሰው...»

«አውቃለሁ።»

«እግዜር ይይልህ!» ብላ ጓዳ ገባች። ስታለቅስ ሰማኋት። ጥሩነሽ ከበሩ ሥር ቁጭ ብላ ለመንገዱ የሚለብሰውን ሸሚዝ ቁልፍ ትሰፋለች።

ሄደ። ጠይቀውት ጻፈ። ሳምንት ያህል ቆይቶ ከአዲስ አበባ በሚመጣ አውቶቡስ ከደጃችን ወረደ። የከተማው ሰው ግማሹ ምክንያት ፈጥሮ መንገድ ዳር ቆሟል፤ ሳሙና የሚገዛው፣ ጎማ የሚነፋው፣ ሁሉም ወደ እሱ ያያል። ጋሼ ደምሴ መሀል መንገድ ላይ ቆመና ለሁሉም እንዲሰማ «አልወሰዱኝም!» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አስኩ፣ ምሳ አለ?» አለኝ።

እንዴት እንደተናደድኩ! ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት ማለት ይቀላል። «ጋሼ፣ አንዲት ቃል! አንዲት ‹የለም›! ለነዚያ ሰዎች ምናቸው ነህ? እውነቱን ስትነግራቸው ምን አደረጉልህ?»

አባብሎኝ አያውቅም፤ ያን ዕለትም አላባበለኝም። ወጡን እያወጣ «ቁጭ በይ» አለኝ። «ሰው በሚጭን አውሮፕላን ውስጥ አብራሪው ሁለት ነው። ጎን ለጎን ነው የምንቀመጠው፣ እንደ ጥማድ በሬ። ነፋስ ከጎን ሲመጣ እኔ እደክማለሁ። ያ ከጎኔ ያለው ሰው ይህን ካላወቀ መቼ ነው ‹ልያዝልህ› የሚለኝ? ሣር ውስጥ ከገባን በኋላ? ከኋላችን ደግሞ ሰው ተቀምጧል። ልጇን ልታይ የምትሄድ አሮጊት ተቀምጣለች።»

«እነሱ እኮ አልገባቸውም!»

«አልገባቸውም። እኔ ግን እነሱ እስኪገባቸው ብዬ አልዋሽም።»

ጉርሻውን አንስቶ፣ ሳይበላው መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠው። ምኞቱ ያን ቀን እንደሞተ ያወቅኩት ያኔ ነው። ጮክ ብሎ የተናገረውም እንዳያለቅስ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ሦስተኛ ጊዜ አልጠየቃቸውም። አብዮቱ መጣ፣ እርሻው ተወረሰ፣ እሱ ግን መርጨቱን ቀጠለ፤ አንዳንዴ ለአንበጣ ወደ ሌላ አገር ይልኩታል። ኋላ ሳንባው እምቢ ሲለው መሬት ወርዶ ለአዳዲስ ረጪ አብራሪዎች አስተማሪ ሆነ። የመጀመሪያው ትምህርት ምን እንደነበር ተማሪዎቹን ጠይቋቸው፤ የራሱን ሁለት ውድቀት ነው። ካፒቴን ክፍሌም ጡረታ እስኪወጣ ሰው ጭኖ በረረ፤ በደህና አነሳ፣ በደህና አሳረፈ። እውነት ተናጋሪው ተሾመ፣ ሌላው ተዋረደ ብዬ ተረት አልነግራችሁም፤ እንዲያ አልሆነም። ሞኝ ነበር የሚሉ ዛሬም አሉ። ይበሉ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ከብልጦች ጋር ብዙ ኖሬያለሁ፤ አንዱ እንኳ ሲሞት ሜዳ ላይ ተቀምጬ አላለቀስኩም።

ቀብሩ ሮቢት ነበር። ሰዉ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ሞልቶ ወጥቷል። የወንድሙ ልጅ ጥቁር ኮት ለብሶ ወረቀቱን ዘረጋና ማንበብ ጀመረ። «የበረራ ትምህርታቸውን ያለ አንዳች እንከን፣ በከፍተኛ ውጤት አጠናቀው...» ሲል ጆሮዬን አላመንኩም። ያን ሁሉ በስልክ የነገርኩት ለምን ኖሯል! እግሮቼ ሳላዛቸው አቆሙኝ።

«ውሸት ነው!» አልኩ። «ሁለት ጊዜ ወድቋል!»

ጎረቤቴ ነጠላዬን ጎተተች። ቄሱ ቀና አሉ። ልጁ ቀይ ሆነና «እትዬ አስካለ፣ እኔ ለክብሩ ብዬ ነው» አለኝ።

«ክብሩ ምን ጎደለውና ነው አንተ የምትሞላለት? ዕድሜውን ሙሉ የተናገረውን በሬሳው ላይ ትሰርዛለህ? አንዴ በነፋስ፣ አንዴ በሞተር። ጨምርበት!»

ጥሩነሽ ከሐዘንተኞቹ መሀል ሆና «ጨምርበት፣ ልጄ» አለች። ልጁ ብዕር የለውም። በቃሉ ተናገረው፤ «በነፋስ ወደቁ፣ በሞተር ወደቁ፣ በሦስተኛው አለፉ» አለ። ከወደ ኋላ የቆሙ ሽማግሌ ገበሬዎች «እውነት ነው!» አሉ፣ ለምስክርነት እንደተጠራ ሰው። ለቅሶው ከዚያ በኋላ ነው ለቅሶ የሆነው።

ከቀብር መልስ፣ ወደ ሐዘን ድንኳኑ ስንገባ፣ ከዘራ የያዘ ረዥም ሽማግሌ ወደ ዳር ጠራኝ። ካፒቴን ክፍሌ ነው። ጸጉሩ ጥጥ ሆኗል።

«አስካለ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ደምሴ ስለ እኔ የነገረሽ ነበር?»

«ስለ እርስዎ ምን?»

ጠጋ አለኝ። «ምንም አላለም? ለሚስቱስ? ለሾፌሮቹስ?»

«ጓደኛዬ ነው፣ ጎበዝ አብራሪ ነው፣ ይል ነበር። ሌላ ምን ይላል?»

ከዘራው ላይ ተደገፈ። «እኔም ወድቄያለሁ» አለ። «ያው ነፋስ፣ ያችው ጠዋት ናት። እሱ ሣር ውስጥ ገባ፤ እኔ ከእሱ ቀጥዬ ገባሁ። ሲጠይቁኝ ‹የለም› ብዬ ተቀጠርኩ። ሆቴላችሁ የመጣሁት ሥራ ላስገኝለት ብቻ አልነበረም። እሱ ሲናገር የኔም እንዳይወጣ ፈርቼ፣ አፉን ላስይዘው ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ አለቃዬ በጠራኝ ቁጥር ደምሴ ነገረብኝ እል ነበር።»

የራሱን ለአውቶቡስ ተሳፋሪ ሁሉ ሲለፍፍ የኖረ ሰው፣ የዚህን ሰው ውድቀት ግን ለሚስቱ እንኳ አልተነፈሰም። ሾፌሩ የጠየቀ ዕለት «ስለ እኔ ጠይቁኝ» ያለው ገና አሁን ገባኝ።

ካፒቴኑ ዕንባውን በመሀረብ ጠረገና «ለአንቺ በመንገሬ ቀለለኝ» አለ።

«ለእኔ ለምን ይነግሩኛል?» አልኩት። ሰው ሞልቶ የተቀመጠበትን ድንኳን በአገጬ አሳየሁት። «ሰዎቹ ያውና፣ እዚያ ናቸው።»

ድንኳኑን አየ፤ እኔን አየ። ክንዱን ያዝኩና ወደ ሰዉ መራሁት። አልታገለኝም።